አካ ጋሩ፣ እጅዎ ይባረክ

ሰላም በሕንድ፣ አንድራ ፕራዴሽ ክልል፣ የቪዛግ ከተማ ሐበሾች! ዘንድሮ ለትምህርት አዲስ የመጣችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። ይህን የምጽፈው አንዲት እናትን ለማመስገን ነው። እናንተም እጃቸውን እንድትቀምሱ ልጠቁማችሁ።

ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ሰፈሩ ሁሉ «አካ ጋሩ» ነው የሚላቸው። አካ በቴሉጉ፣ በዚህ አገር ሰው ቋንቋ፣ ታላቅ እህት ማለት ነው፤ ጋሩ ደግሞ ለአክብሮት ከኋላ ይጨመራል። እኛ «እትዬ» እንደምንለው ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ከቤታቸው በር ላይ ቲፊን ይሸጣሉ። ቲፊን እዚህ ቁርስ ነው። ኢድሊ (በእንፋሎት የሚበስል የሩዝ ዳቦ)፣ ዶሳ (ስስ ቂጣ)፣ አንዳንዴ ኡፕማ (ገንፎ መሳይ)። አራት ኢድሊ ከነቻትኒው (ከነማጥቀሻው) በ40 ሩፒ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦገስት 15 የሕንድ የነጻነት ቀን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1947 ከእንግሊዝ አገዛዝ ነጻ የወጡበት። ጠዋት ባንዲራ ይሰቀላል፣ መዝሙር ይዘመራል፣ ከዚያ ላዱ የሚባል ድቡልቡል ጣፋጭና ከረሜላ ይታደላል። ዘንድሮ እኛም የሚበላ ነገር ይዘን እንድንመጣ ተጠየቅን። ተሰብስበን ተመካከርንና ባለሦስት ቀለም ኢድሊ እንውሰድ አልን። ብርቱካናማ፣ ነጭ፣ አረንጓዴ። የባንዲራቸው ቀለም በእንፋሎት በበሰለ የሩዝ ዳቦ።

መጀመሪያ ያዘዝነው ሌላ ቦታ ነበር። ስሙን አልጠራም። ቀብድ ከፈልን። ናሙናውን ሲያሳዩን በዱቄት ቀለም የተሠራ ነው። አንዱን ቆርሼ ስቀምስ ጣቴ አረንጓዴ ሆነ፣ በሳሙና ታጥቤም እስከ ማታ አልለቀቀም። ሕፃናት የሚበሉት ነገር እኮ ነው! ትዕዛዙን ተውነው፣ ቀብዱም በዚያው ቀረ። በዓሉ ሊደርስ ሦስት ቀን ነበር የቀረው።

ራሴ ልሥራው ብዬ ተነሣሁ። የተዘጋጀ ሊጥ ገዛሁ፣ ስፒናች ፈጨሁና ማታውኑ ቀላቀልኩት። ጠዋት ስከፍተው አረንጓዴው የለም። የደረቀ ቅጠል መስሏል። ያንን ጎድጓዳ ሳህን ይዤ ነው አካ ጋሩ በር ላይ የቆምኩት።

አዩት። በጣታቸው ጫፍ ቀመሱት። «ታሙዱ፣ የኮመጠጠ ሊጥ አረንጓዴ ይበላል» አሉኝ። ታሙዱ ታናሽ ወንድም ማለት ነው። ስንት እንደምንፈልግ ጠየቁኝ። 150 አልኳቸው። ስለ ቀብዱ ስነግራቸው ደግሞ አንድ ሩፒ አስቀድመው አልቀበልም አሉ። «ከበላችሁ በኋላ ትከፍላላችሁ።» እኔ ከዚያ በፊት ከእሳቸው ቁርስ ገዝቼ የማውቀው ምናልባት አምስት ጊዜ ቢሆን ነው።

ዋዜማውን ከእሳቸው ጋር ዋልኩ። እንጀራ ሲጋገር እያየ ያደገ ሰው ያንን ሊጥ ሲያይ ባዳ አይሆንበትም። ኡራድ የሚባል ጥራጥሬ አለ፤ ቅርፊቱ ጥቁር፣ ውስጡ ነጭ። አንድ እጅ ኡራድ ለሁለት እጅ ራቫ ነው። ራቫው ቀቀል ተደርጎ ከደረቀ ሩዝ በሸካራው የተፈጨ ነው። ከኡራዱ ጋር አንድ ማንኪያ አብሽ ይዘፈዘፋል። አዎ፣ የእኛው አብሽ! ከአምስት ሰዓት በኋላ ኡራዱ በድንጋይ ወፍጮ ይፈጫል። ደረሰ አልደረሰ የሚለዩት በውኃ ነው። ጠብታ ሊጥ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጣሉ፤ ሰመጠች። ወፍጮውን መልሰው አስነሡት። ሁለተኛዋ ጠብታ እንደ ጥጥ ተንሳፈፈች። «አሁን አየር ይዟል» አሉ። ከዚያ ራቫውን ጨምረው በእጃቸው አሹት፣ ጨው አደረጉበት፣ ከደኑት።

እርሾ የሚባል ነገር የለም። የሚያኮመጥጡትና ኩፍ የሚያደርጉት ባክቴሪያዎች ከራሱ ከጥራጥሬው ነው የሚመጡት። የኡራዱ መዝለግለግ አየሩን አፍኖ ይይዘዋል። የቪዛግ ነሐሴ ደግሞ ሞቃትና እርጥብ ነው፤ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ሊጡ እጥፍ ይሆናል። ትንሽ ከቆየ ይኮመጥጣል። ስለዚህ አካ ጋሩ ሌሊት ተነሥተው ያዩታል። ያን ሌሊት ሁለቴ ተነሥተዋል፤ የነገሩኝ እሳቸው ሳይሆኑ ልጃቸው ናት።

ንጋት 10 ሰዓት ላይ ስደርስ ዝናብ እያካፋ ነበር። እሳቸው በራቸው ላይ፣ ከታዛው ሥር፣ በነጭ ዱቄት ሙጉ እየሳሉ ነው። ሙጉ ማለት ሴቶቹ ማለዳ ደጃቸው ላይ የሚስሉት ጌጥ ነው። ዱቄቱን በሁለት ጣት ይዘው ያፈሱታል፣ መስመሩ ግን በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ጨርሰው እጃቸውን ታጠቡና ወደ ምድጃው ገቡ።

ቀለሙ የገባው ያኔ ነው፤ የእኔ ስህተትም እዚህ ላይ ነበር። ካሮቱ ችግር የለበትም። በእንፋሎት በስሎ፣ ያለ ውኃ ልሞ፣ መቼም ቢገባ ቀለሙን አይለቅም። ስፒናቹን ግን በፈላ ውኃ አንድ ደቂቃ ብቻ ነክረው ወዲያው በረዶ ውኃ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ በሁለት እጃቸው እስኪደርቅ ጨመቁት፣ ፈጩት፣ አስቀመጡት። ሊጡን የነካው የእንፋሎቱ ድስት ሲንተከተክ ነው። ለአራት ስኒ ሊጥ አንድ ስኒ የማይሞላ። ሲቀላቅሉም አያማስሉም፤ ከሥር ወደ ላይ በቀስታ ገልበጥ ገልበጥ ያደርጉታል፣ አየሩ እንዳይወጣ። አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ወጣ። ከክዳኑ ሥር ነጠላ መሳይ ስስ ጨርቅ ወጥረውበታል፤ ላቡ ኢድሊው ላይ ጠብ ካለ ያበላሸዋል። የመጀመሪያውን አረንጓዴ ሲገለብጡት እኔ ዝም ብዬ ነው ያየሁት። አዲስ የበቀለ ሣር ነው የሚመስለው። ለሁለት ሲቆርሱት ውስጡ ዓይን በዓይን ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ኦገስት 15 በእኛ ነሐሴ 9 ነው፤ ፍልሰታ። ከመካከላችን ግማሹ ጾመኛ ነው። ኢድሊው ራሱ የጾም ነው፣ ግን እዚህ ቅርጹን ቅቤ ይቀቡታል፣ ከላይም ያፈሱበታል። ይህን ስነግራቸው «ወተትም አይሆንም? እርጎም?» ብለው አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ከዚያ ቅርጾቹን በሙሉ እንደገና በሙቅ ውኃ አጥበው የሰሊጥ ዘይት ቀቡ። የኮኮናት ቻትኒው ውስጥ የሚያደርጉትን እርጎ ተዉት። የለውዝ ቻትኒም ጨመሩልን። የእኛን ጾም የራሳቸው ያህል ነው የጠበቁልን።

ካሮት እየላጥን ስለ ባንዲራው አወሩኝ። በ1921 (እ.ኤ.አ.) ለጋንዲ የባንዲራ ንድፍ ያቀረበው ፒንጋሊ ቬንካያ የዚሁ የአንድራ ሰው ነው። ያሳየውም እዚሁ ክልል፣ ቪጃያዋዳ ከተማ ውስጥ ነው። ያኔ መሐሉ ላይ የነበረው የጥጥ መፍተያ ነው፤ እንዝርቱ ወጥቶ 24 ዘንግ ያለው ሰማያዊ መንኮራኩር የገባው ሐምሌ 1947 (እ.ኤ.አ.) ላይ ነው። ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። እንደ ሰፈራቸው ልጅ ነው የሚያነሡት።

እኔ ግን አንድ ፍርሃት ነበረኝ። የሰው አገር ባንዲራ ቆርሶ መብላት ነውር ቢሆንስ? ከጓደኞቼ አንዱ የሕግ ተማሪ ነው፤ የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 የባንዲራ ቅርጽ ያለው ኬክ መቁረጥ ባንዲራን መስደብ አይደለም ብሎ መወሰኑን ነገረን። ለአካ ጋሩ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። መንኮራኩሩን ግን ኢድሊው ላይ አላደርግም አሉ። «ቀለሙ ከአትክልት ነው፣ ይበላል። መንኮራኩሩ እላይ ይውለብለብ።» እኔም ይህንኑ ወደድኩላቸው።

ትሪዎቹ ላይ የሙዝ ቅጠል አነጠፉ። 50 ብርቱካናማ፣ 50 ነጭ፣ 50 አረንጓዴ፣ በሦስት ረድፍ። ባንዲራው ተሰቅሎ መዝሙሩ እንዳለቀ ከፈትነው። አንዲት ትንሽ ልጅ ከየቀለሙ አንድ አንድ አነሣችና ለአባቷ ደርድራ አሳየችው። የጥበቃው ሽማግሌ ጭብጥ ሙሉ ይዘው ሄደው ተመልሰው መጡ። ማን እንደሠራው ሲጠይቁን አካ ጋሩን ጎትተን ወደ ፊት አመጣናቸው። ሻሻቸውን ሳብ አድርገው አፋቸውን ሸፈኑ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ የቀረው ቅጠሉ ብቻ ነበር።

ሒሳቡን ስጠይቅ 1,500 ሩፒ አሉ። ለሌሊቱ፣ ለስፒናቹ፣ እንደገና ለታጠበው ቅርጽ ምንም አልጨመሩም። ከፍ አድርገን ስንሰጣቸው ትርፉን መልሰው እጄ ላይ አኖሩት።

እናም እባካችሁ ልደትም ሆነ ምርቃት ካላችሁ፣ ወይም ዝም ብሎ ቁርስ ካማራችሁ፣ እሳቸው ጋ ሂዱ። ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት በራቸው ክፍት ነው። ባለቀለሙን ግን ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ማታ ደውሎ ለጠዋት አድርሱልኝ ማለት አይሆንም። እንግሊዝኛቸው ጥቂት ነው። «ባጉንዲ» ካላችኋቸው ግን፣ ጥሩ ነው ማለት ነው፣ ፊታቸው ይበራል።

አሁን ደግሞ እንቁጣጣሽ እየመጣ ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ እንዲሠሩልን ጠየቅናቸው፤ ባለፈው እሑድ ሞከሩት። ቢጫው በእርድ ያለ ችግር ወጣ። ቤኪንግ ሶዳ ግን ጠብ አያደርጉም፤ ሶዳ ሲነካው እርድ ይቀላል፣ ቀይ ሥር ይወይባል። ያስቸገራቸው ቀዩ ነው። ቀይ ሥር እንፋሎት ሲበዛበት ይደበዝዛል፤ የመጀመሪያው ዙር ቡናማ ሆኖ ወጣ። ሁለተኛውን በትንንሽ ቅርጽ አፍስሰው ስድስት ደቂቃ ላይ አወጡት፤ ደማቅ ሮዝ ሆነ። አልረኩም፣ ሐሙስ እንደገና ሊሞክሩት ነው።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ለእንቁጣጣሽ የምታዝዙ ቁጥሩን እስከ ጳጉሜን 3 ንገሩኝ። ኡራዱ በዋዜማው ጠዋት ውኃ ውስጥ ይገባል።