ፌርፎን 5፦ ባትሪው በጥፍር የሚወጣ ስልክ

በቀጥታ ልንገራችሁ፣ ፌርፎን 5ን የገዛሁት ለካሜራው አይደለም። በዚህ ዋጋ የተሻለ ፎቶ የሚያነሳ ስልክ ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 ሲወጣ 699 ዩሮ ነበር። 212 ግራም ይመዝናል፣ ኪስ ውስጥ ይከብዳል። የኢርፎን ቀዳዳም የለውም፤ ቆሻሻ ልቀንስ የሚል ኩባንያ ደህና ኢርፎን ያላቸውን ሰዎች ሌላ እንዲገዙ ማድረጉ አይዋጥልኝም።

የገዛሁት ስለሚከፈት ነው። የጀርባ ክዳኑን ጥግ ላይ ጥፍር አስገብታችሁ ሳብ ስታደርጉት ዙሪያውን ቀስ እያለ ይለቃል። ባትሪው እዚያው ፊታችሁ ነው፤ ማሞቂያ ሳትፈልጉ አንስታችሁ ታወጡታላችሁ። ለስክሪኑ አንዲት ትንሽ ካቻቢቴ ትበቃለች። መለዋወጫው ለየብቻው ይሸጣል፦ ባትሪ ወደ 40 ዩሮ፣ ስክሪን ወደ 100 ዩሮ። ቶሎ የምትበላሸው የቻርጀር መሰኪያ እንኳ ለብቻዋ ትገኛለች።

የበፊቱ ስልኬ፣ ብራንዱን ልተወው፣ ባትሪው ሲደክም ጥገና ቤት ወሰድኩት። በማስቲሽ የተጣበቀ ስለሆነ ስንከፍተው ስክሪኑ ቢሰነጠቅ ኃላፊነት አንወስድም አሉኝ። ምንም ያልሆነ ስልክ በአንድ ባትሪ ምክንያት መሳቢያ ውስጥ ቀረ። በጠጋኞቹ አልፈርድም። ገና ስልኩ ሲነደፍ የተወሰነ ነገር ነው። ዲዛይነሩ ብሎን ይሁን ማስቲሽ ብሎ ሲመርጥ፣ ስልኩ ስንት ዓመት እንደሚያገለግልና እኔ መቼ ተመልሼ ገንዘብ እንደማወጣ አብሮ እየወሰነ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ተጠያቂ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ።

ፌርፎን ኩባንያ ከመሆኑ በፊት ዘመቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 አምስተርዳም ውስጥ ዲዛይነሩ ባስ ቫን አቤልና ባልደረቦቹ፣ ስልካችን ውስጥ ያለው ማዕድን፣ ማለትም ቆርቆሮ፣ ታንታለም፣ ተንግስተንና ወርቅ፣ በምሥራቅ ኮንጎ የታጠቁ ቡድኖችን ኪስ እንደሚሞላ ለሰው ማስረዳት ጀመሩ። በ2013 ኩባንያ አቋቁመው የራሳቸውን ስልክ መሥራት ጀመሩ። እኔን የማረከኝ ከኮንጎ አለመሸሻቸው ነው። ብዙ ኩባንያ ነገሩ ሲነሳበት ከዚያ አልገዛም ብሎ ይገላገላል፤ በእጁ ቆፍሮ የሚያድረው ሰው ግን እንጀራው ተቋረጠ ማለት ነው። እነዚህ እዚያው ሆነው ሁኔታውን ማሻሻል መረጡ፤ ከ2020 ጀምሮ በኮንጎዋ ኮልዌዚ ከተማ አካባቢ፣ ባትሪ ውስጥ የሚገባውን ኮባልት ከሚያወጡ ቆፋሪዎች ጋር የሚሠራ ጥምረት ውስጥ አሉበት። ቻይና ስልኩን ለሚገጣጥሙት ሠራተኞችም ከደሞዛቸው ውጪ ቦነስ ይከፍላሉ። ደግሞ መቶ በመቶ ንፁህ ስልክ ሠራን አይሉም፣ ይሄ ደስ ይለኛል።

ተሳስተውም ያውቃሉ። የመጀመሪያው ስልካቸው እ.ኤ.አ. በ2017 መለዋወጫውም ሶፍትዌሩም ቆመ፣ ዕድሜ ይኑረው ተብሎ የተሠራ ስልክ በአራት ዓመቱ። 5ኛው ላይ ግን ለኢንዱስትሪ መሣሪያዎች የሚሠራ የኳልኮም ቺፕ (የስልኩ አንጎል) የመረጡት ኳልኮም ለረጅም ጊዜ ስለሚደግፈው ነው። ስለዚህ የሶፍትዌር ዝማኔው እስከ 2031 ይቀጥላል፣ ዋስትናው 5 ዓመት ነው። ፍጥነቱ ከውድ ስልኮች ያንሳል፣ ለዋትሳፕ፣ ለቴሌግራም፣ ለባንክና ለካርታ ግን ምንም አይጎድለውም።

የጥገና መብት ተሟጋቾች፣ ማለትም የገዛነውን ዕቃ የመጠገን መብት ይኑረን የሚሉ ሰዎች፣ ለዓመታት የጮሁበት ነገር አሁን ሕግ እየሆነ ነው። ከጁን 2025 ጀምሮ የአውሮፓ ሕብረት አዲስ ስልክ የሚያቀርቡ ኩባንያዎችን፣ ሞዴሉ ከገበያ ከወጣም በኋላ ለ7 ዓመት ዋና ዋና መለዋወጫዎችን እንዲያቀርቡ ያስገድዳል።

የምር የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። ኩባንያው የሚሸጠው በዋናነት አውሮፓ ነው። አገር ቤት አንድ ስልክ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ዘመድ ይተላለፋል፣ ጎበዝ ጠጋኝ በየሰፈሩ አለ። እንዲህ የሚከፈት ስልክ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እዚያ ነበር። ለቤተሰብ ልላክ ካላችሁ መለዋወጫውንም እናንተው መላክ አለባችሁ።

ያላችሁ ስልክ የሚሠራ ከሆነ አትግዙ፣ ባትሪ አስቀይሩና ቀጥሉበት። መግዛት ግድ ከሆነባችሁ ግን በ2025 በ599 ዩሮ የወጣው 6ኛው አለ፤ ባትሪው አሁን በብሎን ታስሯል፣ ያለ ካቻቢቴ አይወጣም፣ እኔ አልወደድኩትም። 5ኛውን በቅናሽ ካገኛችሁት እሱን ውሰዱ፣ አንድ ትርፍ ባትሪም አብራችሁ ያዙ።