ደርባን ላይ "ቶክሲክ ቱር" ሄጄ መጣሁ (4 ኮከብ)

ይሄን የምጽፈው እንደኔ ደርባን መሀል ከተማ ሱቅ ውስጥ ተቀብሮ ለሚውል ሀበሻ ነው። ስድስት አመት ስኖር ባህር ዳርቻውንና ሞሉን እንጂ በደቡብ በኩል ያሉትን እነ ዌንትዎርዝንና ሜርባንክን እቃ ለማድረስ ካልሆነ ረግጬም አላውቅ፣ ያውም መስኮት ዘግቼ። አንዲት የዌንትዎርዝ ደንበኛዬ ናት "ና እስቲ ሰፈራችንን እይ" ያለችኝ።

ቱሩን የሚያዘጋጀው የነዋሪዎቹ ማህበር ነው፣ ኤስዲሲኢኤ ይሉታል፣ "ቶክሲክ ቱር"፣ የመርዝ ጉብኝት እንደማለት፣ ብለው የሰየሙትም ራሳቸው ናቸው። አንበሳ የለ ዝሆን የለ፣ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ታንከር፣ የወረቀት ፋብሪካ፣ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ የተሰጣ ልብስ ታያለህ። ደንበኛዬን ስጠይቃት ነፋሱ ሲዞር መጀመሪያ የምንሮጠው ወደ ልብሱ ነው አለችኝ፣ ልክ ዝናብ እንደመጣ!

በጣም የገረመኝ ባልዲው ነው። ባልዲ ስል በቃ ባልዲ፣ እኛ እዚህ ሊጥ የምናቦካበት አይነት ፕላስቲክ፣ ውስጡ ከረጢት አለው፣ አየሩን ይስብና ላብራቶሪ ይላካል። ሰው በገዛ ባልዲው ፋብሪካ ሲከስ አስበው።

ከዛ ደግሞ የሽታ ቻርት የሚባል ነገር አለ። የማህበሩ መሪ ዴዝመንድ ዲሳ ኡምላዚ የሚባለውን ሰፈር አካባቢ ሲያሳምም የነበረውን የቡልቡል ድራይቭ የኬሚካል ቆሻሻ መጣያ ለማዘጋት ሲታገሉ ያዘጋጁት ነው፣ ሰዉ የሸተተው ነገር ምን ኬሚካል እንደሆነና ምን እንደሚያደርገው እንዲለይ። ዝም ብለህ "ሸተተኝ" ብትል ማን ይሰማሃል፣ ይሄ ነገር በዚህ ሰአት ሸተተኝ፣ ልጄም ሳለ ስትል ግን ማስረጃ ሆነ ማለት ነው። መጣያው በ2011 ተዘጋ፣ ሰውዬው በ2014 ሳንፍራንሲስኮ የሚሰጠውን የጎልድማን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት ወሰዱ። እስከዛ ግን ቤታቸው ላይ እሳት ሁሉ ተለቆባቸዋል። እኔ አቃቂ ቃሊቲ ቆዳ ፋብሪካ ሽታ ውስጥ ነው ያደግኩት፣ አፍንጫችንን ይዘን ከማለፍ ሌላ ስሙን እንኳን ጠይቀን አናውቅም፣ አቃቂ ወንዝ ቀለሙ በየቀኑ ሲቀያየር እንደ ትርኢት ነበር የምናየው።

ሜርባንክ ላይ ሴትለርስ የሚባል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በተደረገ ጥናት ከተማሪዎቹ 52 ከመቶው አስም ተገኝቶባቸዋል። እኔ እዛ ጋ ዝም ነው ያልኩት።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልናገር፣ ትልልቆቹ ሁለት የነዳጅ ማጣሪያዎች አሁን ነዳጅ አያጣሩም፣ አንዱ በታህሳስ 2020 ፈንድቶ ከዛ ወዲህ አልተመለሰም፣ ሌላው በ2022 ቆመ። ስለዚህ ጭስ ሲንቦለቦል ለማየት የሚሄድ ሰው ሊከፋው ይችላል፣ ታንከሩና የወረቀት ፋብሪካው ግን አሉ።

አንዷን ኮከብ የቀነስኩት እኛው በተከራየነው ሚኒባስ ምክንያት ነው፣ ኤሲው ሞቶ ሁለት ሰአት ተቀቀልን፣ መስኮት እንዳንከፍት ደግሞ ያለንበትን ታውቁታላችሁ። ውሃ ያዙ፣ ህፃን ልጅ ባታመጡ ይሻላል፣ አስም ያለበትማ ጭራሽ።

ብቻህን ሳይሆን በቡድን ብትሄድ ነው የሚያምረው። እኔ ለሁለተኛ ዙር ከቤተክርስቲያን ሰባት ሰው አግኝቻለሁ፣ ሶስት ቦታ አለ፣ የሚፈልግ ሱቅ ድረስ ይምጣ፣ መኪናውን ግን በዚህኛው ዙር እኔ ነኝ የምመርጠው።