የእናቴን እግር ጎንበስ ብለው ለዳሰሱት ሐኪም

በስልክ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ማለቱ አነሰብኝ። በአደባባይ ላመስግናቸው። የእናቴን ጉልበት የቀየሩልን የአጥንት ሐኪም ዕድሜያቸው ይርዘም!

እናቴ የመንዝ ሴት ናት። ዳገት ቁልቁለቱን በእግሯ ስትለው የኖረች። በኋላ የጉልበቷ መገጣጠሚያ ተበላና ከቤት ቤተ ክርስቲያን መድረስ አቃታት። የደብረ ብርሃን ብርድ ሲጨመርበት ሌሊቱን ሙሉ ታቃስታለች።

ያልሄድንበት የለም። ስም አልጠራም። አንዱ ጋ ራጁን ወደ መስኮቱ ቀና አድርገው አዩና "ዕድሜ ነው" ብለው ማስታገሻ ጻፉ። በቃ፣ ዕድሜ ነው! ሌላው ጋ "በትንሽ ቀዶ ጥገና እንሠራታለን፣ ወዲያው ትራመዳለች" ተባልን። ከዚያ ወሬው ሁሉ ስለ ቅድሚያ ክፍያ ሆነ። አንድም ሰው እግሯን አልነካም። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በሰው በሰው እኚህን ሐኪም አገኘን። የሚሠሩት አዲስ አበባ ነው። 130 ኪሎ ሜትር መንገድ ለታመመ ጉልበት ቀላል አይደለም፤ እናቴ ተማርራ ነው የደረሰችው። እሳቸው ራጁን ጠረጴዛው ላይ ትተው ጎንበስ አሉ። ጫማዋንና ካልሲዋን ራሳቸው አወለቁላት። "ኧረ ልጄ፣ ተው፣ እኔ አወልቃለሁ!" ብትላቸው አልሰሟትም። የእግሯን ጀርባ፣ ቀጥሎ ከቁርጭምጭሚቷ ኋላ በጣታቸው ዳሰሱ። ዝም ብለው ቆዩ። የደም ስሯን ትርታ እየፈለጉ ነበር። በቀኝ በኩል ደከም ስላለባቸው፣ ከሁሉ በፊት የደም ስሯ በአልትራሳውንድ ይታይ አሉ። ልቤ ያኔ አረፈ።

ውጤቱ ደህና ሆነ። ከዚያ ቁጭ ብለው አስረዷት። ወደ እግር የሚወርደው ዋናው የደም ቧንቧ ከጉልበት ጀርባ አጥንቱን ተጠግቶ ያልፋል። ከእሱ የሚወጡ 5 ቅርንጫፎች ጉልበቱን ዙሪያውን ይመግባሉ፤ የጉልበቷ ሎሚም ደም የምታገኘው በብዛት በእነሱ ነው። በተለመደው ቀዶ ጥገና ቆዳው 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይከፈታል፤ እሳቸው በሚሠሩበት በትንሽ መክፈቻ በሚሠራው ዘዴ ግን ከ10 እስከ 15። ጡንቻው ብዙ አይጎዳም፤ ግን ለሐኪሙ ዓይን ቦታው ይጠባል። "ስለዚህ እማማ፣ የደም ስሩ የት እንዳለ ሳላየውም ማወቅ አለብኝ" አሏት። በተበላው መገጣጠሚያ ፋንታ የሚገባውን የብረቱን ነገር ለእሳቸው ተውኩት።

የተሠራች ቀን ማታ ከሥራ ሊወጡ ሲሉ ተመልሰው መጡ። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርገው እንደገና እግሯን ዳሰሱ። "ጣትዎን ያንቀሳቅሱልኝ። ጎሽ! ይሞቃል፣ ይመታል" አሉ። እናቴ እጃቸውን ይዛ መረቀቻቸው። እኔ ኮሪደር ላይ ወጥቼ አለቀስኩ።

ዛሬ እናቴ ቆማ ታስቀድሳለች። ፊዚዮቴራፒው ያማል፣ እንዳትተዉት።

ስማቸውን ያልጻፍኩት ራሳቸው ስለለመኑኝ ነው። ከመሐል ሜዳም፣ ከደብረ ሲናም፣ ከአንኮበርም፣ ከሸዋ ሮቢትም ያላችሁ ኢንቦክስ አድርጉኝ፤ አገናኛችኋለሁ። እባካችሁ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ! ራጁንና የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ያዙ። ስኳር ያለበት ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይንገራቸው። ሌላ ሐኪም ጋ ብትሄዱም "የእግሬን የደም ስር ይዩልኝ" በሉ።