የሕክምና ጥናታችሁን የት ትልካላችሁ? ተከፍሎ፣ ሳይከፈል ወይስ በፕሪፕሪንት

ጥናቱ አልቋል። ትንታኔው ተሠርቷል፣ አማካሪውም አይቶታል። የቀረው መላክ ነው። አብዛኛው ሰው ጆርናል መፈለግ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ፍለጋውም ብዙ ጊዜ በሁለት ቁጥር ያልቃል፦ ኢምፓክት ፋክተሩ (ጽሑፎቹ በአማካይ ስንት ጊዜ እንደሚጠቀሱ የሚያሳየው ቁጥር) ስንት ነው? ክፍያውስ?

ሁለቱም መታየት አለባቸው። ግን ከሁለቱም የሚቀድም ጥያቄ አለ። ጆርናሉ ጽሑፋችሁን የሚመዝነው «ይህ አዲስ ነገር ነው ወይ?» ብሎ ነው ወይስ «ይህ በትክክል ተሠርቷል ወይ?» ብሎ? ይህን ሳያውቁ የተላከ ጽሑፍ ወራት ይበላል። አንድን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለሁለት ጆርናል መላክ ክልክል ስለሆነ፣ የተሳሳተ ምርጫ ማለት መልሱ እስኪመጣ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ነው።

ለማወዳደር እንዲመች አንድ የታሰበ ጥናት እንያዝ። በአንድ ሆስፒታል የእርግዝና ክትትል ከሚያደርጉ እናቶች መካከል የደም ማነስ ያለባቸው ስንቶቹ እንደሆኑና ከምን ጋር እንደሚያያዝ ያየ ጥናት ነው። በደንብ ተሠርቷል። ዓለምን ጉድ የሚያሰኝ ግን አይደለም። የብዙ ሰው ጥናት እንዲህ ነው፣ ምንም ነውር የለውም።

አንባቢ የሚከፍልባቸው

እነዚህ የድሮዎቹ ናቸው። ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1812 ነው፣ ላንሴት በ1823፣ ጃማ በ1883 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በተለመደው መንገድ ካሳተማችሁ ከጸሐፊው ሳንቲም አይጠይቁም። የሚከፍለው አንባቢው ወይም ቤተ መጻሕፍቱ ነው።

ነጻ ነው ተብሎ ግን አይቸኮልም። የኒው ኢንግላንዱ ጆርናል የሚያትመው ከሚላክለት ጥናት ከመቶ 5 እንኳ የማይሞላውን ነው። የደም ማነሱ ጥናት እዚያ ቢሄድ ኤዲተሩ ለገምጋሚ ሳያሳልፍ ይመልሰዋል። ጥናቱ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። እነሱ የሚፈልጉት የሐኪሞችን አሠራር የሚቀይር ውጤት ነው።

ሳትልኩ ራሳችሁን የምትፈትኑበት ጥሩ ነገር ላንሴት ላይ አለ። ላንሴት ከጥናት ጽሑፍ ጋር አንድ ሣጥን እንድትሞሉ ይጠይቃል። ከዚህ ጥናት በፊት ምን ይታወቅ ነበር? ይህ ጥናት ምን ጨመረ? ሁሉም መረጃ አንድ ላይ ሲታይ ምን ያመለክታል? ለመጀመሪያው ጥያቄ የቀደሙ ጥናቶችን የት እና በምን ቃላት እንደፈለጋችሁ ጭምር ትጽፋላችሁ። ሁለተኛው ላይ ነው ብዕር የሚቆመው። «በዚህ ሆስፒታል ሲጠና የመጀመሪያው ነው» ከማለት ሌላ የምትጽፉት ካጣችሁ፣ ይህ መንገድ የእናንተ አይደለም። ጆርናሉ ባይጠይቃችሁም ሣጥኑን ለራሳችሁ ሙሉት። ግማሹ ከቨር ሌተር (ከጽሑፉ ጋር ለኤዲተሩ የሚላከው ደብዳቤ) እዚያው ላይ ተጻፈ ማለት ነው።

የቃል ገደባቸውም ጠበቅ ያለ ነው። የኒው ኢንግላንዱ ጆርናል ለዋናው ጽሑፍ 2,700 ቃል፣ ለአብስትራክቱ 250 ቃል ይሰጣል። ጃማ 3,000 ቃል ይፈቅዳል፣ አብስትራክቱ እስከ 350 ይሄዳል፣ ግን ጥያቄውን፣ ግኝቱንና ፋይዳውን በጥቂት ዐረፍተ ነገር የሚናገሩ ቁልፍ ነጥቦችን በተጨማሪ ይፈልጋል።

በዚህ ወገን ብዙ ሰው ዘሎ የሚያልፋቸው ጆርናሎች አሉ። የማሕፀንና ጽንስ፣ የሕፃናት ወይም የማደንዘዣ ሐኪሞች ማኅበራት የሚያወጧቸው የስፔሻሊቲ ጆርናሎች ናቸው። ብዙዎቹ በመደበኛው መንገድ ለማሳተም አያስከፍሉም። አንባቢያቸውም ያንኑ ሥራ የሚሠራ ሰው ነው። እኔ ብሆን ለደም ማነሱ ጥናት ዝነኞቹን ከመሞከሬ በፊት እዚህ እፈልግ ነበር። ጉዳቱ ጽሑፉ ከክፍያ በር ጀርባ መቅረቱ ነው። እሱም ቢሆን መላ አለው። ብዙ አሳታሚዎች ከግምገማ በኋላ ተቀባይነት ያገኘውን የራሳችሁን ቅጂ፣ የተወሰኑ ወራት ጠብቃችሁ በተቋማችሁ ማኅደር ላይ እንድትጭኑ ይፈቅዳሉ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ድብልቅ ናቸው። ጽሑፉ ተቀባይነት ሲያገኝ «ኦፕን አክሰስ (ለሁሉም አንባቢ በነጻ ክፍት) እንዲሆን ትፈልጋላችሁ?» የሚል ቅጽ ይመጣል። ደስ ብሏችሁ «አዎ» ካላችሁ ደረሰኙ ይከተላል። ኔቸር ሜዲስንና እህት ጆርናሎቹ በ2021 ይህን አማራጭ ሲጀምሩ የጠየቁት 9,500 ዩሮ ነበር። የክፍያ ምሕረት የሚሰጡ አሳታሚዎችም ምሕረቱን ለድብልቅ ጆርናል አለመስጠታቸው የተለመደ ነው።

ጸሐፊ የሚከፍልባቸው

እዚህ ጥያቄው ይቀየራል። ፕሎስ ዋን በ2006 መጨረሻ ሲጀመር ይዞት የመጣው ሐሳብ ቀላል ነበር፦ ጥናቱ ይደንቃል አይደንቅም የሚለውን አንባቢ ይፍረድ፣ እኛ የምናየው ዘዴው ትክክል መሆኑንና ድምዳሜው ከመረጃው መውጣቱን ነው። ቢኤምጄ ኦፕን በ2011 በተመሳሳይ መንገድ መጣ፣ ግን ለሕክምናና ለጤና ጥናት ብቻ። የደም ማነሱ ጥናት ለሁለቱም ይሆናል።

ታዲያ የቱ ይሻላል? ዋጋቸው ሁለቱንም ውድ ያሰኛል። ፕሎስ ዋን ከ2 ሺህ ዶላር፣ ቢኤምጄ ኦፕን ከ2 ሺህ ፓውንድ በላይ ይጠይቃሉ። ልዩነቱ አሠራራቸው ላይ ነው። ፕሎስ ዋን የቃል ገደብ የለውም። መረጃውን ግን በግልጽ እንድታስቀምጡ ይፈልጋል። የታካሚ ምስጢር ወይም ሌላ በቂ ምክንያት ከሌለ በቀር «ለጠየቀን እንሰጣለን» ማለት ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ የሥነ ምግባር ኮሚቴው የፈቀደላችሁ መረጃውን ማጋራትን ይጨምር እንደሆነ ቀድማችሁ አጣሩ። ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ይህን ማስተካከል ራስ ምታት ነው።

ቢኤምጄ ኦፕን ከ4,000 ቃል እንዳታልፉ ይመክራል። ከአብስትራክቱ ሥር የጥናቱን ጥንካሬና ድክመት በነጥብ በነጥብ እንድትዘረዝሩ ያደርጋል። እዚህ ላይ ውጤት መድገም አይቻልም፣ ስለ ዘዴው ብቻ ነው የሚጻፈው። ለምሳሌ የደም ማነሱ ጥናት «ናሙናው በዕጣ ተመርጧል» ካለ በኋላ «መረጃው አንድ ጊዜ ብቻ ስለተሰበሰበ የቱ ምክንያት የቱ ውጤት እንደሆነ መለየት አይቻልም» ይላል። ይህን በግልጽ የጻፈ ሰው ገምጋሚው ሊያነሳው የነበረውን ቅሬታ ቀድሞ ዘግቶታል። የገምጋሚዎቹ አስተያየትም ከነስማቸው ከጽሑፉ ጋር ይወጣል። ገምጋሚው ስሙን አስፍሮ ሲጽፍ አጉል ቃል እንደማይወረውር መገመት አያቅትም።

የኔ ምርጫ? ሰው ላይ የተሠራ የሕክምና ወይም የኅብረተሰብ ጤና ጥናት ከሆነ ቢኤምጄ ኦፕን። ላቦራቶሪ የበዛበት ወይም ከሌላ ሳይንስ ጋር የተቀላቀለ ከሆነ ፕሎስ ዋን። ገና መረጃ እየሰበሰባችሁ ከሆነ ደግሞ ቢኤምጄ ኦፕን የጥናት ፕሮቶኮልም ያትማል።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ደረሰኙ የሚመጣው ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ነው፣ ውሳኔው ግን የሚያልቀው ስትልኩ ነው። ምሕረት ወይም ቅናሽ የሚጠየቀው በመላኪያው ቅጽ ላይ ነው፣ ከተቀባይነት በኋላ የሚመጣን ልመና ብዙዎቹ አይሰሙም። ብዙ አሳታሚዎች የሚከተሉት ሪሰርችፎርላይፍ የተባለውን፣ ለዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች የምርምር ጽሑፍ የሚያቀርበውን ፕሮግራም የአገሮች ዝርዝር ነው። በምድብ ኤ ያሉ አገሮች ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ ሙሉ ምሕረት ያገኛሉ፣ ምድብ ቢ ቅናሽ። ዩኒቨርሲቲያችሁ ከአሳታሚው ጋር ውል ካለው ደግሞ ክፍያውን እሱ ይሸፍነዋል። ውሉ የሚታየው ግን በተጠሪ ጸሐፊው (ከጆርናሉ ጋር በሚጻጻፈው) ተቋም ነው። ከእናንተ አንዱ ውል ያለው ተቋም ውስጥ ካለ፣ ተጠሪ ማን ይሁን የሚለውን ከመላካችሁ በፊት ተነጋገሩ። እርግጥ ያ ሰው ሥራውን በእውነት የሚያውቅ መሆን አለበት፣ የገምጋሚን ጥያቄ የሚመልሰው እሱ ነው።

ማንም የማይከፍልባቸው

ጸሐፊም አንባቢም የማይከፍሉባቸው ጆርናሎች አሉ። ብዙ ሰው የማያውቃቸው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። የዓለም ጤና ድርጅት ቡለቲን ከ1948 ጀምሮ አለ። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ኢመርጂንግ ኢንፌክሽየስ ዲዚዝስን ከ1995 ጀምሮ ያወጣል። ሁለቱም ነጻ ናቸው፣ ሁለቱም የተከበሩ ናቸው።

ገደባቸው የርዕስ ነው። ሁለተኛው የሚቀበለው አዲስ ስለሚነሱና እንደገና ስለሚያገረሹ ተላላፊ በሽታዎች ብቻ ስለሆነ የደም ማነስ በሩ ላይ ይቀራል። ቡለቲኑ ደግሞ ከአንድ ሆስፒታል አልፎ ለጤና ፖሊሲ የሚጠቅም ነገር ይፈልጋል። ከእነዚህ ውጪ ዲኦኤጄ የሚባለው የኦፕን አክሰስ ጆርናሎች ማውጫ ክፍያ የሌላቸውን ለይቶ ያሳያል። በፍለጋው ላይ «ክፍያ የሌለው» የሚለውን ምረጡና የሙያችሁን ስም ጻፉ። የዩኒቨርሲቲና የማኅበር ጆርናሎች ብቅ ብቅ ይላሉ። ኤዲተሮቹ ብዙ ጊዜ በትርፍ ሰዓታቸው የሚሠሩ ስለሆኑ መልሱ ሊዘገይ ይችላል። የምረቃ ቀን ካልተቃረበባችሁ ትዕግሥቱ ያዋጣል።

ፕሪፕሪንት

ፕሪፕሪንት ማለት ከግምገማ በፊት በኢንተርኔት የሚለጠፍ ጽሑፍ ነው። ሜድአርካይቭ በ2019 የተከፈተ የሕክምና ፕሪፕሪንት ማኖሪያ ነው። ክፍያ የለውም። ጽሑፉ ተጣርቶ ይለጠፋል፣ ግን አልተገመገመም፣ ገጹም ይህንኑ ይናገራል። ቋሚ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ሰውም ሊጠቅሰው ይችላል። አብዛኞቹ የሕክምና ጆርናሎች ፕሪፕሪንት የወጣበትን ጽሑፍ ይቀበላሉ፣ ከቨር ሌተሩ ላይ መናገር ብቻ ነው።

የጆርናል ምትክ አይደለም፣ ለዕድገትም ላይቆጠር ይችላል። አንዴ ከተለጠፈ ደግሞ አይጠፋም። ቢሳብም «ተስቧል» የሚል ምልክት ይደረግበታል እንጂ ታሪኩ ይቀራል። ስለዚህ ሁሉም ጸሐፊዎች አንብበው ሳይስማሙ አትለጥፉት።

ኬዝ ሪፖርት ከሆነ

ኬዝ ሪፖርት (የአንድ ታካሚን ታሪክ የሚያቀርብ ጽሑፍ) ያለው ሰው ከላይ ያለውን ግማሹን ይርሳው። ፕሎስ ዋንም፣ ቢኤምጄ ኦፕንም፣ ሜድአርካይቭም ኬዝ ሪፖርት አይቀበሉም። ቢኤምጄ ኬዝ ሪፖርትስ የሚሠራው በአባልነት ነው። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ወይም ተቋሙ አባል ከሆነ ይበቃል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሆስፒታላችሁን ጠይቁ። ጆርናል ኦፍ ሜዲካል ኬዝ ሪፖርትስ ደግሞ በየጽሑፉ ያስከፍላል። የትም ብትልኩ የታካሚው የፈቃድ ፊርማ ያስፈልጋል። ስሙን አለመጻፍ ብቻ አይበቃም። ታካሚው ከሆስፒታል ሳይወጣ አስፈርሙ፣ በኋላ ማግኘቱ ፈተና ነው።

ከውድድሩ የሚወጡት

ሌላም መንገድ አለ፣ መግቢያው ኢሜይል ነው። «ክቡር ፕሮፌሰር፣ ድንቅ ሥራዎን አይተን...» ይላል፣ ርዕሱ ግን ከሙያችሁ ጋር አይገናኝም። በጥቂት ቀን እንደሚያትሙ ይምላሉ፣ ክፍያው የሚታወቀው በኋላ ነው፣ መውጣት ስትፈልጉም «የመሳቢያ ክፍያ» ይጠይቃሉ። «ግሎባል ኢምፓክት ፋክተር» የሚል ቁጥር ካያችሁ ሽሹ። ትክክለኛው ኢምፓክት ፋክተር ክላሪቬት የተባለው ድርጅት የሚያወጣው ነው። «ፐብሜድ (የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያ) ላይ አለን» የሚለውም አይብቃችሁ። አንድ ጽሑፍ ሌላ በር ገብቶ ፐብሜድ ላይ ሊታይ ይችላል። የሚጠየቀው ጆርናሉ ራሱ ሜድላይን (ተመርጠው የገቡ ጆርናሎች ማውጫ) ውስጥ መኖሩ ነው። ይህም በአሜሪካው ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ላይ በነጻ ይታያል።

የትም ብትልኩ የሚጠየቀው

የማረጋገጫ ዝርዝሩን፣ ማለትም በጽሑፉ ውስጥ መነገር ያለባቸውን ነጥቦች የሚቆጥረውን ቅጽ፣ አትርሱ። የደም ማነሱ ጥናት 22 ነጥብ ያለውን ስትሮብ ይሞላል። የሙከራ ጥናት ኮንሶርትን፣ ሲስተማቲክ ሪቪው (የቀደሙ ጥናቶችን በሥርዓት ሰብስቦ የሚመዝን) ደግሞ 27 ነጥብ ያለውን ፕሪዝማ። የሙከራ ጥናት የመጀመሪያው ተሳታፊ ከመግባቱ በፊት መመዝገብ አለበት፣ ይህ ከቀረ ጥሩ ጆርናል ማግኘት እጅግ ይከብዳል። ማጣቀሻ ለማደራጀት ዞተሮ ነጻ ነው፣ ኢንድኖት ይሸጣል። ተቋማችሁ ካልገዛላችሁ ዞተሮ ይበቃል። ከአንዱ ጆርናል ስልት ወደ ሌላው ለመቀየር ሁለቱም ጥቂት ክሊክ ነው። የቋንቋ እርማት አገልግሎት ከመግዛታችሁ በፊት ከጸሐፊዎቹ መካከል በደንብ የሚጽፈውን ሰው አስነብቡ። በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ከታገዛችሁ ደግሞ ግለጹ፣ የጸሐፊዎች ዝርዝር ውስጥ ግን አይገባም።

ጽሑፉ ሲመለስ ብዙ ጊዜ አብሮት አንድ ግብዣ ይመጣል፦ «ወደ እህት ጆርናላችን እናስተላልፍላችሁ?» ጃማ በ2018 ወደተከፈተው ጃማ ኔትወርክ ኦፕን፣ ቢኤምጄም ወደ ቢኤምጄ ኦፕን ሊመራችሁ ይችላል። ቅጽ እንደገና ከመሙላት ያድናል፣ መጥፎ አይደለም። ግን ጸሐፊ ከማይከፍልበት ጆርናል ወደሚከፍልበት እየተሻገራችሁ ሊሆን ይችላል። «እሺ» ከማለታችሁ በፊት የእህቱን ጆርናል የክፍያ ገጽ ክፈቱ፣ የምሕረት ጥያቄውንም ዝውውሩን ስታጸድቁ አብራችሁ አስገቡ።