በለጠ ጫካ ዳር ላስተናገዱን ቤተሰብ ምስጋና

ጅማ ሆናችሁ ጫካ ለጫካ መራመድ የምትወዱ፣ ወይ ከአዲስ አበባ ለሃይኪንግ ወደ እኛ አገር ልትመጡ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። ሰሞኑን ከጓደኞቼ ጋር በለጠ ጫካ ዳር አንዲት ጎጆ ውስጥ አርፈን፣ ጠዋት ጠዋት ከዚያ እየተነሳን ስንጓዝ ሰነበትን። የቤቱን ባለቤቶች፣ አባባንና እማማን፣ ከነልጃቸው በአደባባይ ሳላመሰግን ማለፍ አልችልም።

ቦታው ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ፣ ሰቃን አልፎ ሸቤ ሳይደረስ ነው። ሚኒባሱ አስፋልት ላይ ያወርዳችኋል። ከዚያ ወዲያ ዳገት ነው፤ በእግር ወይ በሞተር።

ቤቷ የጭቃ ናት፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ። ውስጧ መደብ፣ ፍራሽ፣ ወፍራም ብርድ ልብስና መሀል ላይ ምድጃ አለ። መብራት አልገባም። ስልክ የምትሞላ ትንሽ ሶላር ግን አለች። ሽንት ቤቱ ውጭ ነው፤ ንጹህ ነው፣ ውሃና ሳሙና ከበሩ ላይ ጠፍቶ አያውቅም። ሻወር የለም፤ እማማ በባልዲ ውሃ ያሞቁላችኋል።

ሆቴል ይዤ ከጅማ ብመላለስስ የሚል ይኖራል። ይቻላል፤ ግን የጫካው ዋና ሰዓት ያመልጣችኋል። ጉሬዛዎቹ የሚጮሁት ገና ጎህ ሲቀድ ነው። አንዱ መንጋ ሲጀምር ከማዶ ያለው ይመልስለታል፤ ሸለቆው በሙሉ ይሞላል። ከከተማ የተነሳ ሰው እስኪደርስ ዝም ብለው ቅጠላቸውን እየበሉ ነው። እኛ ግን ከደጃፉ ሳንርቅ፣ ቡናችንን ይዘን አዳመጥናቸው። ሶሪትንም ያየናት በዚያው ሰዓት ነው። ስትቀመጥ አረንጓዴ ስለሆነች ቅጠሉ ውስጥ ትጠፋለች፤ ስትበር ያ የክንፏ ቀይ ቦግ ይላል።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ፤ ለመጻፍ ያነሳሳኝ እሱ ነውና። አባባ ማታ ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብለው "ነገ ወዴት ናችሁ?" ይላሉ። ከዚያ እውነቱን ይነግሯችኋል። የሚያዳልጠው የት እንደሆነ፣ የትኛው ወንዝ ዝናብ ሲመጣ እንደማይታመን፣ በስንት ሰዓት መመለስ እንዳለባችሁ። የጅማን ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ቀዩ አፈር ሲረጥብ እግር አያስቆምም።

አንድ ቀን ቀረሮ የሚባሉት ትልልቅ ዛፎች ያሉበት ከፍታ ላይ ለመውጣት ተነሳን። የሚመራን ልጃቸው ነበር። መንገዱ ከተጋመሰ በኋላ ሰማዩን አየና "እንመለስ" አለን። እኛ ለመንነው፤ ፀሐይም ነበር። እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። ቤት በገባን ጊዜ ዝናቡ ወረደ። ማለዳ በድንጋይ ድንጋይ የተሻገርነው ወንዝ ማምሻውን ድንጋዩ አይታይም ነበር። ሒሳብ ስንሰጠው ደግሞ "ያሰባችሁበት አላደረስኳችሁም" ብሎ ግማሹን መለሰ። በግድ ነው ሙሉውን ያስያዝነው። በጫካ የሚመራኝ ሰው እንደዚህ ልጅ ያለ እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ ገንዘቡን ትቶ ደህንነቴን የሚያስቀድም።

እማማ ደግሞ የረጠበ ጫማችንን እሳት ዳር ስናስቀምጥ አይተው ወዲያው አነሱት። "ማስቲሹ ይለቃል" አሉን። ደረቅ ሳር ጠቀጠቁበትና ከምድጃው በላይ ከፍ አድርገው ወጋግራው ላይ ሰቀሉት። ጠዋት ደርቆ ነበር። ምግባቸው ቆጮ በጎመንና በአይብ፣ ቁርስ ላይ ጨጨብሳ በማር። ማሩ ከዚያው ጫካ ነው፤ ቀፎዎቹ ዛፍ ላይ ተሰቅለው ታዩዋቸዋላችሁ። ስለ ቡናው ምን እላለሁ! እዚያው ተለቅሞ፣ እዚያው ተቆልቶ፣ ጀባ ትባላላችሁ።

ዋጋው ገና ስትደርሱ ይነገራችኋል፤ የአዳሩ ለብቻ፣ የምግቡ ለብቻ፣ የመሪው ለብቻ። ደብተር ላይ ይጻፋል፤ ስትወጡ ያው ነው። ለፈረንጅም ለሀበሻም አንድ ነው። ይህ በስንቱ ቦታ ይገኛል?

አባባ የመንደሩ የደን ማኅበር አባል ናቸው። በለጠ ጫካን በሚያካትተው በለጠ ጌራ ደን ላይ በጃይካ (የጃፓን መንግሥት የልማት ትብብር ድርጅት) ድጋፍ አሳታፊ የደን አስተዳደር የተጀመረው በፈረንጆቹ 2003 ነው። ነዋሪው ደኑን ይጠብቃል፤ በምላሹ ከጥላው ሥር የሚበቅለውን ቡና ይጠቀማል፣ ማሩንም ይቆርጣል። ስለዚህ ጫካ ውስጥ ያያችሁትን ቀይ ቡና እንዳትቀጥፉ፤ ባለቤት አለው። መግዛት ከፈለጋችሁ እማማ ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ በኪሎ ይሸጡላችኋል።

የሚሻለው ወቅት ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ዝናቡ ይቀንሳል። ኅዳር ላይ ግን ቤተሰቡ በሙሉ ለቀማ ላይ ስለሚሆን ቀደም ብላችሁ ደውሉ። የዝናብ ልብስ፣ ባትሪና ጥሬ ብር ያዙ፤ እዚያ ባንክ የለም። የፕላስቲክ ጠርሙሳችሁን ይዛችሁ ተመለሱ፤ ቆሻሻ የሚያነሳ መኪና እዚያ አይደርስም። ስልካቸውን እዚህ አላወጣም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እነሱን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ።