የ1982ቱን ጥቁር ስኔክ አይስ «ላንተ ለአገር ልጅ» ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

240 ዶላር ተበልቻለሁ። የሚያሳፍረኝ ገንዘቡ አይደለም። ይህን ዕቃ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ እያልኩ ስኖር መሸወዴ ነው። ለአሻንጉሊት ይህ ሁሉ ጩኸት ምንድነው ብላችሁ ከሳቃችሁ ሳቁ፣ ባለቤቴም ስቃለች። ግን ከእኔ በኋላ እዚሁ ሲያትል ያሉ ሁለት ልጆች ከዚያው ሰው ለመግዛት ዋጋ እየተነጋገሩ መሆኑን ስለሰማሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ስኔክ አይስ ሃስብሮ የሚያመርታቸው ጂ.አይ. ጆ ከሚባሉት ወታደሮች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ዘጠኝ ሴንቲ ተኩል ገደማ ቁመት ያላቸው ትንንሾቹ ወታደሮች ሲወጡ፣ ፋብሪካው የቀለም ወጪ ለመቆጠብ ብሎ አንዱን ምንም ሳይቀባው በጥቁር ፕላስቲክ ብቻ አወጣው። ሌሎቹ የቆዳ ቀለም አላቸው፣ ጸጉር አላቸው፣ ቀበቶና ዘለበታቸው ሳይቀር ተቀብቷል። እሱ ከራስ እስከ እግሩ ጥላሸት ነው። ጭንብልና መነጽር እንጂ ፊት የለውም። ከዚህ የቁጠባ ውጤት ሰው ያወጣበት ላሪ ሃማ የሚባለው ጸሐፊ ነው። ማሸጊያው ጀርባ ላይ በመቀስ ቆርጣችሁ የምታስቀምጡት የማህደር ካርድ አለ። የሌሎቹ ካርድ ሙሉ ስምና የትውልድ ከተማ ሲነግራችሁ፣ የእሱ «ስም፦ ምስጢር፤ የትውልድ ቦታ፦ ምስጢር» ይላል።

ታሪኩ በማርቭል ኮሚክ ውስጥ ቀስ እያለ ነው የተገለጠው። ከቬትናም ሲመለስ ሊቀበሉት ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ይመጡ የነበሩት እናቱ፣ አባቱና መንታ እህቱ መንገድ ላይ በመኪና አደጋ አልቀው ይደርሳል። ቤት የሚባል ነገር ሲጠፋበት ጃፓን ወዳለው የጦር ጓደኛው ቤተሰብ ይሄዳል፤ ኒንጃ ናቸው። እዚያም መምህራቸው በቀስት ይገደልና ጥፋቱ በጓደኛው ላይ ይላከካል፣ ቤቱ ይበተናል። ቀጥሎ በአንድ ግዳጅ ላይ ሄሊኮፕተር ሲቃጠል፣ ተጠላልፋ የቀረችውን የቡድን ጓደኛውን ስካርሌትን ላስለቅቅ ብሎ ወደኋላ ሲቀር መስኮቱ ፊቱ ላይ ይፈነዳል። መልኩም ድምጹም በዚያ ቀረ። የመጋቢት 1984 ዕትም የሆነው 21ኛው ቁጥር ከዳር እስከ ዳር አንድ የንግግር ቃል ሳይኖርበት በሥዕል ብቻ የተተረከ ነው፤ እስካሁን ድረስ ኮሚክ የሚወዱ ሰዎች እሱን ሳያነሱ አይውሉም።

እኔን ከዚህ ሰውዬ ጋር ያገናኘን ሌላ ነገር ነው። በ1987 ከካርቱም ስንመጣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ክፍል ውስጥ ዓመት ሙሉ አፌን አልከፈትኩም፤ ብከፍት ምን ልል? ስፖንሰር ያደረገን ቤተክርስቲያን አንድ ካርቶን አሮጌ መጫወቻ አመጣልንና ከሥሩ ይሄ ጥቁሩ ወጣ። ግራ አውራ ጣቱ ተሰብሯል፣ መሳሪያ የለውም፣ ወገቡ ልል ነው። ሌሎቹ አሻንጉሊቶች ቢያወሩ ኖሮ በእንግሊዝኛ ነበር የሚያወሩት። ይሄኛው አያወራም፤ ተግባባን። ቤት ስንቀይር ጠፋ፤ እናቴ እስከዛሬ «ያን ጥቁር ሰይጣን እኔ አልጣልኩትም» ትላለች። አላምናትም።

እንግዲህ ሻጩ የመታኝ በዚህ ነው። የአበሻ ዕቃ መሸጫ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከሶፋና ከምጣድ መሃል ማስታወቂያው ብቅ አለ፦ ኦሪጅናል የ1982፣ የመጀመሪያው ቀጥ ያለ ክንድ፣ ኡዚ ጠመንጃውና የፈንጂ ቦርሳው የተሟላ፣ ካርዱ ጭምር። አራት ፎቶ። ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ ጥለት ያለው የጥበብ ጨርቅ ተዘርግቶ መሃሉ ላይ ቆሟል። ጨርቁን ሳይ ልቤ ቀለጠ፣ እውነቱን ለመናገር።

«ወንድሜ፣ የመጨረሻው ስንት ነው?» አልኩት።

«ለፈረንጅ 400 ነው የምለው። ላንተ ለአገር ልጅ 240። ግን ዛሬ።»

ያቺ «ግን ዛሬ» ልታነቃኝ ይገባ ነበር። ቀጥሎ «የዕቃ ግዢ በሚለው አትላክ፣ ኮሚሽን ይቆርጡብኛል፤ ለቤተሰብ በሚለው ላክልኝ» አለኝ። ላክሁ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስተውሉ፤ ሰውዬው ዕቃውን ከመሸጡ በፊት መመለሻ መንገዴን ዘግቶብኛል። በእነዚህ የገንዘብ መላኪያ መተግበሪያዎች ላይ ለዘመድና ለወዳጅ ብላችሁ የላካችሁት ብር ስጦታ ነው የሚባለው፤ ዕቃው ፎርጅድ ቢሆንም ባይመጣም ለገዢ የሚሰጠው ከለላ አይሸፍነውም። ኮሚሽኑ ከከበደው እኔው እጨምርለት ነበር፤ ጥቂት ዶላር ናት።

በአምስተኛው ቀን መጣ። ፖስታውን ስከፍት መጀመሪያ የመታኝ ሽታው ነው፤ ከሱቅ የወጣ የዝናብ ጫማ ይሸታል። አርባ ዓመት ያለፈው ፕላስቲክ እንዲህ አይሸትም። ያኔም «ተጠንቅቀው አስቀምጠውት ይሆናል» ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። አውጥቼ በአውራ ጣቴ ደረቱን ዳሰስኩት። የልጅነቴ ደረቱ ላይ የኪሶቹና የማሰሪያዎቹ ጠርዝ ጥፍር ይይዝ ነበር፤ ይሄኛው ለሁለት ወር እንደታጠበበት ሳሙና ሙልጭ ይላል። ከዚያ ክንዱን ያዝኩና ከክርኑ በላይ ጠምዘዝ አደረግሁት።

ዞረ።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ ያለቀው። በ1982 የወጡት ትከሻቸው ይንቀሳቀሳል፣ ክርናቸው ይታጠፋል፣ ከክርን በላይ ግን አይዞሩም፤ «ቀጥ ያለ ክንድ» የሚባለው ይሄ ነው። ከክርን በላይ የሚዞረውን ክንድ ፋብሪካው ያመጣው በ1983 ነው። ደውዬ ይሄን ስነግረው ሻጩ የሰጠኝ መልስ በደንብ የተዘጋጀበት ነበር፦ «ጀርባውን እየው፣ 1982 ይላል አይደል?» ይላል። አዎ ይላል። ግን ያ ቁጥር የቅርጹ መብት የተመዘገበበት ዓመት እንጂ ዕቃው የተመረተበት አይደለም። በ1983 ክንዱ ተቀይሮ የወጣውም ያንኑ 1982 ተሸክሞ ነው የወጣው። ስለዚህ የጀርባ ጽሑፍ ፎቶ ልኮላችሁ «ይኸው ማስረጃ» የሚላችሁ ሰው ወይ አያውቅም ወይ እንደማታውቁ ያውቃል። ክንዱን ሲያዞር፣ ወይም አልዞር ሲለው፣ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ጠይቁ። ከእኔ የሚበልጥ ምክር አትፈልጉ፣ ይቺን ብቻ ብጠይቅ 240 ዶላሬ ኪሴ ውስጥ ነበረች።

ቢያንስ የ1983ቱ ይሁን ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ እሱም ቢሆን እውነተኛ ነው፣ ዋጋው ነው የሚለየው። ዕቃውን ይዤ ከእነዚህ ነገሮች ጋር ያረጀ አንድ ፈረንጅ ወዳጄ ጋ ሄድኩ። የራሱን አውጥቶ ጎን ለጎን አቆማቸው። የእኔው በጭንቅላት ጫፍ ያህል አጠር ይላል። ምክንያቱን ነገረኝ፦ ከእውነተኛው ላይ ቅርጽ ይወስዱና ፕላስቲክ ሲያፈሱበት፣ ሲቀዘቅዝ ትንሽ ይኮማተራል። የጀርባው ጽሑፍም በዚሁ ምክንያት ነው የደበዘዘው፤ የእሱ «ሆንግ ኮንግ» ጥርት ብሎ ይነበባል፣ የእኔው ላይ ፊደሎቹ ያበጡ ይመስላሉ። ከጀርባው ያለውን ብሎን ፈታው። ውስጡ የላይኛውን አካል ከእግሮቹ ጋር የሚያስተሳስር ላስቲክ ቀለበት አለ። የእኔው አዲስ፣ ጥቁርና አብረቅራቂ ነው። ይሄ ብቻውን ጥፋት እንዳልሆነም ነግሮኛል፤ ያ ላስቲክ በጊዜ ብዛት ስለሚበጣጠስ ሁሉም ይቀይረዋል። ሐቀኛ ሻጭ ግን «ላስቲኩን ቀይሬዋለሁ» ይላል። ካርዱን በአጉሊ መነጽር አየው። በእውነተኛው ላይ ቀለሙ የተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ሆኖ ይታያል፤ የእኔው ከቤት ፕሪንተር የወጣ ነው፣ ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ሰርጓል።

አሁን ዋናውን ልናገር። አጭበርባሪዎች ከሌሎቹ ይልቅ ይሄን ሰውዬ የሚመርጡት ስለሚወደድ ብቻ አይደለም። የሌሎቹን ዕድሜ የምታውቁት በቀለማቸው ነው፤ አፍንጫው ላይ ተልጦ፣ ጸጉሩ ጠርዝ ላይ ነጣ ብሎ፣ ቀበቶው ላይ ተፍቆ። የሚኮርጃቸው ሰው የቅንድባቸውን ቀለም ሳይቀር ማመሳሰል አለበት። ይሄኛው የሚላጥ ቀለም የለውም፣ የሚመሳሰል ቅንድብ የለውም። ጥቁር ፕላስቲክ ካላችሁ በቃችሁ። «ምንም አልተነካም፣ እንደ አዲስ ነው» ቢሏችሁ ደግሞ በምን ታስተባብላላችሁ? ስለዚህ በፎቶ ብቻ በፍጹም አትግዙት። በእጃችሁ ይዛችሁ፣ ወይም በቪዲዮ፣ መገጣጠሚያውን፣ አውራ ጣቶቹን፣ ብሎኑን እዩ።

ሌላም ወጥመድ አለ። በ2007 ለ25ኛ ዓመት መታሰቢያ ተብሎ የወጣ የዚሁ ጥቁር ሰው ቅጂ አለ። ራሱ ሃስብሮ ስለሰራው ፎርጅድ አይደለም፣ ግን ማሸጊያው ሆን ተብሎ የድሮውን እንዲመስል ስለተደረገ ከማሸጊያው አውጥቶ በ1982 ዋጋ የሚሸጠው አይጠፋም። መለያው ቀላል ነው፦ ቁርጭምጭሚቱ ይታጠፋል። የ1982ቱ ቁርጭምጭሚት አይታጠፍም። ባለሙያ መርምሮ ደረጃ ሰጥቶታል ተብሎ በታሸገ መስታወት መሰል ሳጥን ውስጥ የሚሸጠውን በተመለከተ ደግሞ፣ ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር ከደረጃ ሰጪው ጋ ሳታጣሩ ሳጥኑን አትመኑ። የሳጥን ትልቁ ጥቅም ለሻጩ ነው፤ ክንዱን እንዳታዞሩ ይከለክላችኋል።

ሰውዬውን ገንዘቤን መልስ ስለው መጀመሪያ «ወንድሜ እኔም ተሸውጄ ይሆናል» አለኝ፤ አዘንኩለት። በማግስቱ «ተጠቅመህበት ነው የምትመልሰው?» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ከግሩፑ አስወጣኝ፤ ለካ ግሩፑን የሚያስተዳድረው እሱ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ስልክ አያነሳም። ስሙን የማልጽፈው ፈርቼ ሳይሆን የሰጠኝ ስም የእሱ ስለመሆኑ እርግጠኛ ስላልሆንኩ ነው፤ በስሙ የሚጠራ ሌላ ምስኪን ላይ ጣጣ አላመጣም። የላክሁበት ስም፣ ቴሌግራም ላይ ያለው ስምና ፖስታው ላይ ያለው ላኪ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ሦስቱ ካልገጠሙላችሁ ዕቃው እውነተኛ ቢሆን እንኳ እለፉት።

አሻንጉሊቱን አልጣልኩትም። ወንዱ ልጄ ወስዶት መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ጠላቂ አድርጎታል፣ ከሁሉም በላይ ደስ ያለው እሱ ነው።

ማክሰኞ ዕለት አንድ ወዳጄ ከዚያው ግሩፕ አዲስ ማስታወቂያ ቀድቶ ላከልኝ፤ የለጠፈው ስም ሌላ ነው። በዚህ ጊዜ የ1985ቱ ነው፣ ሰይፉን የያዘው፣ ከተኩላው ጋር። ዋጋው 180፣ «ለአገር ልጅ»። ተኩላው የቆመበት ጨርቅ አረንጓዴ ጥለት አለው።