ዛምቤዚ ላይ ታንኳ ለመቅዘፍ ያሰበ ሰው ጅማ ውስጥ ማንን ይጠይቅ?

የጅማ ወዳጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ከተማችን ውስጥ ስላለች አንዲት ጎበዝ ሠራተኛ ነው። ሂርማታ መርካቶ፣ ከገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል የአውሮፕላን ትኬት ትቆርጣለች። ብዙ ሰው የሚያውቃት ለዑምራ ተጓዦችና ዘመድ ጥየቃ ለሚሄዱ እናቶች በምትሠራው ሥራ ነው። ስሟን እዚህ እንዳላወጣ አደራ ስላለችኝ አላወጣሁም፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ስልኳን እሰጣለሁ።

እኔና ባለቤቴ ይዘንላት የሄድነው ጉዳይ እሷ ጋ በየቀኑ የሚመጣ ዓይነት አልነበረም። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ክረምት ለጥቂት ቀናት ከአገር ወጥተን፣ ወንዝ ላይ ታንኳ እየቀዘፍን፣ ማታ ማታ ዱር ውስጥ በድንኳን እያደርን መመለስ ነበር ያማረን። ከዚያ በፊት የጠየቅነው ሌላ ድርጅት ስለ እኛ ምንም ሳይጠይቅ የሎጅና የትንሽ አውሮፕላን ዋጋ ደምሮ ልኮልን ነበር። እሷ ግን ደብተሯን ገልጣ፣ «ቲቸር፣ ዋና ትችላላችሁ?» አለችኝ። እኔ እችላለሁ፤ ጅሬን ተራራ ላይ ያደገው ባለቤቴ አይችልም። ጻፈችው። ወገቡን ወይም ትከሻውን የሚያመው ሰው እንዳለ፣ ፀሐይ ላይ ለሰዓታት ተቀምጠን እናውቅ እንደሆነ፣ ከዚህ በላይ አናወጣም የምንለው ብር ስንት እንደሆነ ጠየቀችን። ዋጋ የሚባል ነገር ያነሳችው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ልባችን ያረፈው ስዊድን ሐይቆች ላይ ነበር። አልከለከለችንም፤ ግን ለሼንገን ቪዛ የሚያስፈልገውን ቀጠሮና ማስረጃ አንድ በአንድ ነግራን፣ ለአጭር ዕረፍት ስንጠብቅ ክረምቱ ራሱ ሊያልፍብን እንደሚችል አሳየችን። ከዚያ ካርታ አወጣች። እኛ ጋ ሐምሌ ዝናቡ ሲበረታ በዛምቢያና በዚምባብዌ ድንበር ያለው የዛምቤዚ ወንዝ ሸለቆ ደረቅ ነው። እዚያ የሚዘንበው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ገደማ ነው፤ በደረቁ ወራት በየጫካው ያለው ኩሬ ስለሚደርቅ አውሬው ሁሉ ለውሃ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ወደ ጥቅምት ሲጠጋ ደግሞ ሙቀቱ ይከብዳል። የመምህር ዕረፍት የሚውለው ልክ በጥሩው ወቅት ላይ ነው ማለት ነው። ይህን ነገር ሌላ ማንም አልነገረንም። አየር መንገዳችን ከአዲስ አበባ ወደ ዛምቢያ ዋና ከተማ ሉሳካ በቀጥታ ይበራል፤ ከሉሳካ ታንኳዎቹ ወደሚነሱበት ቺሩንዱ በመኪና ወደ 140 ኪሎ ሜትር ነው። ቪዛውንም ሰው እንዳለው አልተወችውም፤ አዲስ አበባ ያለውን የዛምቢያ ኤምባሲ ራሷ ጠይቃ የተሰጣትን መልስ አትማ ሰጠችን።

ከሁሉ በላይ ያከበርኳት ግን ስለ ጉማሬ ስንጠይቃት ነው። ጅማ ሆኖ የቦዬን ጉማሬ የማያውቅ የለም፤ ባለቤቴም ሐሳቡ ሁሉ እሱ ላይ ነበር። እሷም፣ «ዛምቤዚን በዓይኔ አላየሁትም፤ ስለማላውቀው ወንዝ አይዟችሁ ልላችሁ አልችልም። የሚያውቀውን ሰው ላገናኛችሁ» አለችና በታንኳ ከሚመራው ዛምቢያዊ አስጎብኚ ጋር በስልክ አገናኘችን። ጥያቄዎቹን ቀድማ ጽፋቸዋለች። አንድ መሪ ስንት ታንኳ ይመራል? የሕይወት አድን ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ አለ? ኔትወርክ በሌለበት በምን ትጠራራላችሁ? ሰው ቢታመም የት ይወሰዳል፣ በምን? ያልገባንን እየመለሰች ታስጠይቀው ነበር።

ሰውየው የነገረን ከወንዙ ላይ ስንደርስ ቃል በቃል ሆኖ አገኘነው። ጉማሬ ቀን ቀን ውሃ ውስጥ ይተኛል፤ ሲደነግጥም የሚሸሸው ወደ ጥልቁ ነው። ስለዚህ ታንኳ በጥልቁ ውሃና በጉማሬው መካከል ፈጽሞ አይገባም፤ ዳር ዳሩን፣ ጥልቀት በሌለው በኩል ይሄዳል። መሪው ከፊት ሆኖ የታንኳውን ጎን በመቅዘፊያው ኳ ኳ ያደርጋል፤ ጉማሬዎቹ ሰምተው ብቅ ይላሉ፣ የት እንዳሉ ይታወቃል፣ መንገድ ይለቀቅላቸዋል። በአዞ ምክንያት እጅን ውሃ ውስጥ እየነከሩ መጫወት የለም። ዝሆን ሽታው ስለሚስበው ብርቱካንም ሆነ ሌላ ፍራፍሬ ይዞ ድንኳን መግባት ክልክል ነው። ይህን ሁሉ ጅማ ተቀምጠን ስለሰማነው ባለቤቴ ታንኳው ላይ ሲወጣ ምን እንደሚጠብቀው ያውቅ ነበር። እሷም ብትሆን ዝም ብላ አልለቀቀችውም፤ ከጉዞው በፊት ላንጋኖ ወርዶ ጃኬት ለብሶ ጀልባ ላይ ሚዛን መጠበቅ እንዲለማመድ አድርጋዋለች።

ወረቀቱ ላይም እንደዚያው ናት። ከጅማ እስከ ሉሳካ ያለውን በአንድ ትኬት ቆረጠችልን፤ የጅማው በረራ ቢዘገይና ቀጣዩ ቢያመልጠን አየር መንገዱ በሚቀጥለው እንዲያሳፍረን፣ ሻንጣውም በቀጥታ እንዲያልፍ። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ እንዳለበት አስጠነቀቀችን። የድሮ ካርድ ያለው ሰው ግን አይጨነቅ፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። የወባ መከላከያ ክኒንም ከመሄድ በፊት ተጀምሮ ከተመለሱ በኋላ የሚቀጥል ስለሆነ ቀድመን ሐኪም እንድናይ ነገረችን። የጉዞ መድኑን ውል ደግሞ እስከ መጨረሻው አነበበችው። አንደኛው ርካሽ ውል ታንኳ ቀዛፊን እንደማይሸፍን ያገኘችው በደቃቁ ጽሑፍ ውስጥ ነው፤ ያን ትተን የሚሸፍነውን ገዛን። ለልብስ እንኳ ሳይቀር አስባለች። ጥቁርና ደማቅ ሰማያዊ እንዳትይዙ አለችን፣ የጊቤ በረሃ ከብት አርቢ የሚያውቃት የገንዲ ዝንብ ዛምቤዚም ስላለችና እነዚህ ቀለሞች ስለሚስቧት።

ስለ ወንዙ ብዙ ማውራት እችል ነበር፤ ትንሽ ብቻ ልበል። ቺሩንዱን አልፎ የካፉዌ ወንዝ ይቀላቀልና ውሃው ይሰፋል። ከዚያ በታች በግራ የዛምቢያ የታችኛው ዛምቤዚ ፓርክ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የተከለለ፤ በቀኝ ዚምባብዌ ናት፣ በዓለም ቅርስነት እ.ኤ.አ. በ1984 የተመዘገበው የማና ፑልስ ፓርክ ያለባት። ወንዙ ራሱ ወደ ታች ስለሚወስድ መቅዘፉ እንደፈራነው አያደክምም። ሞተር የለም፤ የሚሰማው የመቅዘፊያው ድምፅና የንስር ጩኸት ነው። ዝሆኖች ከደሴት ወደ ደሴት ሲሻገሩ መሪው ሁላችንንም ዳር አስይዞ እስኪያልፉ አስጠበቀን። ባለቤቴ እንዲያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ነበር።

ለዚህ ሁሉ ልፋት የጠየቀችን መጀመሪያ የነገረችንን የአገልግሎት ክፍያ ብቻ ነው። ለሎጁና ለትንሿ አውሮፕላን ብታግባባን ኮሚሽኗ ይበዛላት እንደነበር ይገባኛል። አላደረገችውም። ለአስጎብኚው የተከፈለውን ደረሰኝ፣ ጉዞው ቢሰረዝ ስንት እንደሚመለስ የሚገልጸውን ውል፣ ሁሉንም በእጃችን ሰጥታናለች። ሉሳካ ስንደርስ ደግሞ የሚቀበለን ሰው መምጣቱን ሳታረጋግጥ አልተኛችም፤ እኩለ ሌሊት ላይ ደውላለች።

እህቴ፣ ገለቶሚ። እጅሽ ይባረክ፣ ሥራሽን ያስፋልሽ። በልጅነትሽ ያስተማሩሽ መምህራን ዛሬ ቢያዩሽ ደስ ይላቸዋል፤ እኔ መምህር ስለሆንኩ አውቀዋለሁ።

ጉዞ ላሰባችሁ፣ ዛምቤዚም ባይሆን ሌላ፦ ከጉዞው ብዙ ወራት ቀድማችሁ ሂዱ፤ በጥድፊያ የሚሠራ ሥራ አትወድም። አርብ የምትከፍተው ከጁምዓ በኋላ ነው። የውጭ ምንዛሪ ከባንክ ለመግዛት የሚያስፈልጉትን ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት በቅደም ተከተል ታዘጋጅላችኋለች። ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጊዜው ሊያልቅ ከ6 ወር በታች ከቀረው እሱን ሳታሳድሱ ሌላ ነገር አትጀምርላችሁም።